ፊቱ የጠቆረበት ህትመት

ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው ዳር የሌለው የሚመስል ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ማሽላና ሰሊጥ ይሸፍነዋል። አዝመራው ሲነሳ ጥቁሩ መረሬ አፈር ተራቁቶ ይሰነጣጠቃል፤ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ሰማዩም በአቧራ ይነጣል። በዚህ ሜዳ ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጥምጣሙ ፊቱን ያጠላበት ጠይም ሰው ቀትር ላይ በስልክ ፎቶ ቢነሳ ስክሪኑ ላይ ደህና ይታያል። ያው ፎቶ በቤት ፕሪንተር በጥቁርና ነጭ ሲታተም ግን ጀለቢያው ያበራል፣ ሰማዩ ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ፊቱ ደግሞ ዓይንና ቅንድብ የማይለይበት አንድ ጥቁር ቦታ ይሆናል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ጥቁር ቦታ ነው።

ምሳሌውን ከዚህ ድንበር የወሰድኩት እንዲህ ያለ ፎቶ በብዙ ቤት ስላለ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከሰሜን ኢትዮጵያ በእግራቸው የወጡ በርካታ ሰዎች ምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ደርሰዋል። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ያኔ ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቷል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፍቷል። ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ ገዳሪፍ ሻይ እየሸጡ ልጅ ያሳደጉ አሉ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው በዚሁ በመተማ በኩል ተመልሷል። ቤትና ንብረት ቀርቶ የዚያ ኑሮ ምስክር ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ብቻ የሆነባቸው ቤተሰቦች አሉ። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፎቶውን በወረቀት ማስቀረት ለእነዚህ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የእኛን ሰው ፎቶ በጥቁርና ነጭ የሚያትም ሰው ሥራውን ከፊቱ ይጀምር። ሰማዩ ባዶ ነጭ ቢሆን ይቻላል፤ የጀለቢያው እጥፋት ጥቂት ቢጠፋም ይታለፋል። ፊቱ ከጠፋ ግን ወረቀቱም ቀለሙም ባክኗል።

ይህ እንደሚቻል ለማየት የሴባስቲያዎ ሳልጋዶን ሥራ መመልከት ይበቃል። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ጋር ሆኖ በድርቅ በተመቱት የሳህል አገሮች ሲሠራ ኢትዮጵያ ውስጥም፣ ምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ውስጥም ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አንስቷል። ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ከሰዎቹ ጀርባ ያደርገዋል፤ ጥላው ጥልቅ ነው። ሆኖም በጥላው ውስጥ የጉንጭ አጥንቱ ከዓይኑ ጉድጓድ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ይለያል። ስቃይን አሳምሮ አሳይቷል ብለው የወቀሱት ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም ከባድና ተገቢ ነው። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ግን ጥቁሩን ስንት ቦታ እንደከፋፈለው ማስተዋል ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ዲጂታል ካሜራ ሲዞር እንኳ ከዲጂታል ፋይሉ የፊልም ኔጋቲቭ እያሠራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማሳተሙን አልተወም። የመጨረሻው ትግል ወረቀቱ ላይ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ወረቀት የሚችለውና የማይችለው

ታጥቦ የነጣ ጀለቢያ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውን፣ ጠይም ፊት ደግሞ 10 በመቶውን ይመልሳል እንበል። ሁለቱም ፀሐይ ላይ ከሆኑ ልዩነታቸው 8 እጥፍ ነው፤ ይህን ደህና የሆነ ፕሪንተር ሁሉ ይችለዋል። ጥምጣሙ ፊቱን ሲያጠላው፣ ጥላው ውስጥ የሚደርሰውም ብርሃን ከፀሐዩ 8 እጥፍ ሲያንስ ልዩነቱ 64 እጥፍ ይሆናል። አሁን ወረቀቱን እንይ። ጥሩ ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ የሚገኘው የመጨረሻ ጥቁር ከወረቀቱ ነጭ ቢጨልም 35 እጥፍ ገደማ ነው። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ወረቀት ከ100 እጥፍ በላይ ይሄዳል። የላፕቶፕ ስክሪን ደግሞ ብዙ ጊዜ 1,000 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ 64 እጥፉ ስክሪኑ ላይ ተዝናንቶ ይቀመጣል፤ ግሎሲው ላይም ይበቃዋል፤ ማቱ ላይ ግን አይገባም። የማይገባው በግድ ሲጨመቅ ቀድሞ የሚደፈጠጠው የታችኛው፣ የጥቁሩ ክፍል ነው። ፊቱም ያለው እዚያው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ፎቶው ገና ያልተነሳ ከሆነ ሰውየውን ከፀሐይ አውጥቶ ራኩባ (ዳስ) ሥር ማስቀመጥ ከየትኛውም የኮምፒውተር ማስተካከያ ይሻላል፤ ፊቱና ልብሱ አንድ ጥላ ውስጥ ሲሆኑ 64 እጥፉ ተመልሶ 8 ይሆናል። ስልክ ሲያነሳም ነጭ ሰማይና ነጭ ልብስ ከበዛበት ብዙ ጊዜ ምስሉን በሙሉ ያጨልማል፤ ፊቱ ላይ በጣት ነክቶ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ፎቶው ቀድሞ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ማት ወረቀት ላይ ከማተም በፊት ፊቱን ሆን ብሎ ከጥላው ማውጣት ግድ ነው። እንዳለ ከተላከ ፕሪንተሩ አያድነውም።

ስለ ቴክኖሎጂው ታሪክም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በቀለም ፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚያድላቸው የማስተካከያ ካርዶች ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረባቸው፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባሉ ነበር። የፎቶ ቤቱ ማሽን ለእሷ ፊት ይስተካከላል፤ የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ማስተካከያ የመጣውን ይዞ ይወጣል። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉባቸው ካርዶች የተለመዱት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬም አንድ ፕሮግራም በራሱ «አሻሻልኩልህ» የሚለውን ፎቶ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። ጠይም ፊት በትክክል ሲታተም ጠይም ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲታይ ብሎ አመድማ ማድረግም ሌላ ጥፋት ነው፤ እኔ ይህኛውን ከጨለማው እኩል እጠላዋለሁ።

ከቀለም ወደ ግራጫ

የስልክ ፎቶ በቀለም ነው የሚመጣው። «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ቁልፍ ነክቶ ማለፍ ብዙ ሀብት ያስጥላል። ቡናማ ቆዳ ከሰማያዊ ይልቅ ቀይ ብርሃንን በጣም ይመልሳል። ስለዚህ ፎቶሾፕም ሆነ ላይትሩም፣ ወይም በነጻ የሚገኘው ጊምፕ ውስጥ ግራጫው ከየትኛው ቀለም በብዛት ይውሰድ የሚለውን መምረጫ ከፍተው ቀዩን፣ ብርቱካን ካለበትም ብርቱካኑን ከፍ ሲያደርጉ ፊቱ ጀለቢያውን ሳይነካ ይፈካል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ካለ ሰማያዊውን ዝቅ ሲያደርጉ እሱም ይጠቁምና ምስሉ ይረጋጋል። በገዳሪፍ በጋ ግን ሰማዩ በአቧራ ስለሚነጣ ከዚህ ብዙ አይጠብቁ።

ቀዩን ከልክ በላይ መግፋት ዋጋ አለው። ከንፈር ከጉንጭ ጋር ይመሳሰላል፣ የቆዳው መስመር ይጠፋል፣ ሰውየው የፕላስቲክ ፊት ያለው ይመስላል። ሰማያዊውን መግፋትም አይበጅም፤ በተጨመቀ የስልክ ፎቶ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻውና መቆራረጡ የሚበዛው እዚያ ነው። መጨመቅ ካነሳን ዘንድ፣ ዘመድ ከገዳሪፍ ወይም ከካርቱም በቴሌግራም የላከው ፎቶ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆና ተቀንሶ ነው የሚደርሰው። እንደ ፋይል እንዲልክልዎ ይለምኑት። በጥላው ውስጥ ያለው ስውር ልዩነት አንዴ በመጨመቅ ከተጣለ ማንም አይመልሰውም፤ ጥላውን ሲያፈኩት የሚወጣው ፊት ሳይሆን አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ነው።

ጥፋቱ የፋይሉ ነው ወይስ የፕሪንተሩ?

ህትመት ሲበላሽ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ፎቶውን ጥቂት ያፈካል፣ ያትማል፤ የወረቀቱን ምርጫ ይቀይራል፣ ያትማል፤ የፕሪንተሩን ራስ ያጸዳል፣ ያትማል። ቀለም ያልቃል እንጂ ጥፋቱ አይገኝም፤ ሁለት ሦስት ነገር አብሮ ስለተነካ የቱ እንደረዳ የቱ እንደጎዳ አይታወቅም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥፋቱ ከፋይሉ ወይም ከማተሙ መሆኑን መለየት ነው።

ለዚህ የግራጫ መሰላል ይሠራል። በማንኛውም የፎቶ ፕሮግራም 21 ሳጥኖች በተርታ ይሥሩ፤ የመጀመሪያው ነጭ፣ የመጨረሻው ጥቁር፣ በመካከል ያሉት በ5 በመቶ እየጠቆሩ የሚሄዱ። ከሥራቸው መቶኛውን ይጻፉ። ይህን ፎቶውን ባተሙበት ወረቀት፣ በዚያው ምርጫ ያትሙና መስኮት አጠገብ ሆነው ይመልከቱ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ከተለዩ ፕሪንተሩ ነጻ ነው፤ ፎቶው ላይ ይሥሩ። መሰላሉ ራሱ ከተበላሸ ግን ፎቶውን አይንኩት፤ ለታመመ ፕሪንተር የተስተካከለ ፎቶ ፕሪንተሩ የዳነ ዕለት ይበላሻል።

መሰላሉ ከዚህ የበለጠም ይናገራል። ማት ወረቀት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳጥኖች መቀላቀላቸው የተለመደ ነው። ለምሳሌ ከ85 በመቶ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ሆነ እንበል። የፋይሉ ጥቁር 0፣ ነጩ 255 ተብሎ ሲቆጠር 85 በመቶ ጥቁር ማለት 38 ገደማ ነው። እንግዲህ በዚያ ፕሪንተርና በዚያ ወረቀት ከ38 በታች ያለ ነገር ሁሉ አይታይም ማለት ነው። አሁን ፎቶውን ይክፈቱና በቀለም መልቀሚያው መሣሪያ የሰውየውን ፊት ይለኩ። ጉንጩ 30፣ የዓይኑ ጉድጓድ 15 ካለ ፊቱ ለምን እንደጠፋ ተገኘ። በፕሮግራሙ የኩርባ (Curves) መሣሪያ ጥላውን ከፍ አድርገው ብርሃን ያገኘውን ጉንጭ ወደ 80 ወይም 90፣ ጥላ ያለበትን ወደ 50 ያምጡት። የኩርባው ታችኛ ጫፍ 0 ላይ ይቆይ፤ የዓይኑ ብሌን፣ ፀጉሩና የመረሬው ስንጥቅ ጥቁር ሆነው ይቅሩ። ፊቱ እንዲፈካ የሚረዳው አጠገቡ እውነተኛ ጥቁር መኖሩ ነው። ጥቁሩ አብሮ ከተነሳ ምስሉ ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል፤ ፊቱም አመድ ይመስላል።

ኩርባው ምስሉን በሙሉ ስለሚነካ ጀለቢያው አብሮ ከነጣ ፊቱን ብቻ በብሩሽ መርጦ ማፍካት ይቻላል። በጨለማ ክፍል ዘመን አታሚዎች በእጃቸውና በካርቶን ብርሃን እየከለሉ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው። የብሩሹ ጠርዝ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ካልሆነ በጥምጣሙ ዙሪያ የብርሃን ክብ ይቀርና ሰውየው ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

መሰላሉ ሲታመም

ፎቶውም መሰላሉም ሁሉ ነገራቸው ጨልሞ ከወጣ፣ ጥቁሩም ከ70 በመቶ ጀምሮ ከተዘጋ፣ ቀለሙን ሁለት አዛዦች እያዘዙት ሊሆን ይችላል። የፎቶ ፕሮግራሙም የፕሪንተሩ ሶፍትዌርም ቀለሙን ላስተካክል ሲሉ ማስተካከያው ድርብ ይሆናል። በአንዱ በኩል ይዝጉት። መሰላሉ ደህና ሆኖ ፎቶዎችዎ ብቻ ሁልጊዜ ጨለማ ከሆኑ ደግሞ ስክሪኑን ይጠርጥሩ። ለህትመት የሚመከረው የስክሪን ብርሃን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው፤ ብዙ ላፕቶፖችና ስልኮች ከፍ ሲደረጉ ከ300 ያልፋሉ። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ጨለማ ፎቶም ብሩህ ይመስላል። መለኪያ የሌለው ሰው ባዶ ነጭ ገጽ ስክሪኑ ላይ ከፍቶ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ይያዝ፤ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ድረስ ስክሪኑን ዝቅ ያድርገው።

ጥቁሩ ደካማ፣ የደበዘዘ ግራጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወረቀት ምርጫ ነው። ፕሪንተሩ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚወስነው እርስዎ በመረጡት የወረቀት ዓይነት ነው፤ የፎቶ ወረቀት አስገብተው «ተራ ወረቀት» ካሉት የሚገባውን አይሰጠውም። የጥቁር ቀለሙም ዓይነት ይለያያል። ለማት የሚሆነው ጥቁር ግሎሲ ላይ አይዝም፤ ለግሎሲ የሚሆነው ማት ላይ ይደክማል። አንዳንድ ባለ አራት ቀለም ፕሪንተሮች ግሎሲ ሲመረጥ ጥቁሩን ጨርሶ ትተው ከሦስቱ ቀለማት ጥቁር ይደባልቃሉ። ከዚያ የሚወጣው «ጥቁር» ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሚነካካው ነው።

ግራጫው ቀለም ሲይዝ ህትመቱን በቀን መስኮት አጠገብ፣ ማታ ደግሞ በመብራት ያዩት። ከብርሃኑ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ጥፋቱ የፕሪንተሩ ተፈጥሮ ነው፤ ከባለቀለም ጠብታዎች የተሠራ ግራጫ በተለያየ መብራት የተለያየ ይመስላል። በሁሉም ብርሃን ያው አረንጓዴ ከሆነ ማጀንታው፣ ሰማያዊ ከሆነ ቢጫው፣ ቀይ ከሆነ ሳያኑ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ የኖዝል (የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹን) መፈተሻ ያትሙ። ጥቁር ቀለም ብቻ እንዲጠቀም ማዘዝ የሚቻልባቸው ፕሪንተሮች አሉ። ያኔ ግራጫው ንጹሕ ነው፣ ነጣ ባለው ክፍል ግን ነጠብጣቡ ይታያል። ለማት ወረቀት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ጥቁርና ነጭ አዘውትሮ የሚያትም ሰው ገንዘቡ ካለው ከአንድ በላይ ጥቁርና ግራጫ ቀለም ያለው ፕሪንተር ይግዛ፤ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት የጥቁር ደረጃ ያላቸውን ፕሪንተሮች ለጥቁርና ነጭ ከተለየ የማተሚያ ምርጫ ጋር ካወጣ ወዲህ ይህ የማስተካከያ ጣጣ በብዙ ቀሏል።

ገዳሪፍም ሆነ መተማ ባለ ቆላ ደረቁ ሙቀትና አቧራው የኖዝል ጠላት ናቸው። ፕሪንተሩን ከሶኬት አይንቀሉት፤ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የማተሚያውን ራስ ከመሸፈኛው ሥር አግብቶ ይዘጋል። መብራት በድንገት ሲሄድ ግን የማተሚያው ራስ እንደተገለጠ ይቀርና ቀለሙ ይደርቃል፤ መብራቱ ሲመለስ አብርቶ በቁልፉ መልሶ ማጥፋት ይገባል። በየሳምንቱ ሁሉንም ቀለም የሚነካ ትንሽ ነገር ማተም ብዙ ያድናል። የተዘጋ ኖዝል በሁለት ሦስት ጽዳት ካልተከፈተ ማጽዳቱን ትተው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ በላይ በላዩ ሲያጸዱት ውዱ ቀለም ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ነው የሚፈሰው። ወረቀቱን በክረምቱ እርጥበት ከከረጢቱ አውጥቶ አለማስቀመጥም ይጠቅማል።

የድሮ ፎቶ ቤት ህትመት በስልክ ገልብጦ የሚያትም ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የድሮው ፎቶ ሲያረጅ ጥቁሩ ቡናማ፣ ነጩ ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያኔ ፎቶው ሲታጠብ የማጽኛው ኬሚካል በደንብ አለመልቀቁ ነው። መጀመሪያ ወደ ግራጫ ይለውጡት፤ ከዚያ የደበዘዘውን ጥቁር ወደ ታች ያውርዱ፣ ግን እስከ 0 አይግፉት። ለምሳሌ በአንዲት እናት ጉርድ ፎቶ ላይ የሹሩባዋ መስመር መጥፋት ሲጀምር እዚያው ያቁሙ። በመጀመሪያው ህትመት ላይ ያልነበረ ጥቁር መጨመር ፊቱን ጨካኝ ያደርገዋል።

አሁን የወጣውን ህትመት ትኩሱን አይፍረዱበት። ቀለሙ ሲደርቅ ጥላው ጥቂት ይለወጣልና እስከ ማግሥቱ ይተዉት፤ ሲደራርቡትም በመካከሉ ንጹሕ ወረቀት ያግቡ። ፍርዱን የሚሰጡት ፎቶው በሚሰቀልበት ክፍል ብርሃን ነው፤ ለደብዛዛ ሳሎን የሚታተመው በመስኮት ብርሃን ከሚታየው ጥቂት ይፍካ። ደህና ሲወጣ ከጀርባው፣ ከጠርዙ አካባቢ፣ በለስላሳ እርሳስ የወረቀቱን ዓይነት፣ የፕሪንተሩን ምርጫና የኩርባውን ቁጥር ይጻፉ። ከሥሩ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ያክሉ።